ከአሥራ ሁለት ሰው በታች

መጀመሪያ የሰማሁት ቢላዋውን ነው። ተክ፣ ተክ፣ ተክ፣ ተክ። ከጣሪያዬ በላይ፣ ልክ በአልጋዬ ትይዩ። እሑድ ጠዋት ስለነበር ሥራ የለኝም፤ ዓይኔን ሳልገልጥ አዳመጥኩ። ሽንኩርት መሆኑ ገብቶኛል። ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ መጀመሪያ ላይ ይፈጥናል፣ ኋላ ዓይኑን ሲያቃጥለው ቀስ ይላል። ይሄኛው ግን ቀስ የሚባል ነገር አያውቅም። አንዱ ራስ ሲያልቅ ለአፍታ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። እስከ ሃያ ቆጥሬ ተውኩት። ተነሥቼ ታጠብኩ፣ ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ፣ አንድ ሸሚዝ አጠብኩ፤ ቢላዋው አላቆመም።

ከላዬ ያለው ክፍል ሁለት ወር ባዶውን ከርሟል። በዚያ ሳምንት ሰው መግባቱን ከኮቴው አውቄያለሁ እንጂ ማን እንደሆነ አላየሁም። ሸሚዜን እያሰጣሁ አንድ ትልቅ ቤተሰብ በሐሳቤ ሠራሁለት፤ አባት፣ እናት፣ አሥር ልጅ፣ ሁለት አያት። ለአንድ ክፍል እንደሚበዙ ሲገባኝ አያቶቹን ቀነስኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ሴትዮ ቆመዋል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ይመስላሉ፤ ክንዳቸው ግን የአናጢ ክንድ ነው። በአንድ እጃቸው ጭልፋ፣ በሌላው አዲስ የፕላስቲክ ባልዲ ይዘዋል። ከባልዲው እንፋሎት ይወጣል።

«ዕቃ አምጣ» አሉኝ።

«የምን ዕቃ?»

«ሾርባ የሚይዝ። ትልቅ ይሁን።»

ያለችኝ አንዲት ድስት ናት፤ አመጣኋት። በጭልፋ ሦስቴ ቀዱልኝና እስከ አፏ ሞላች።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ለእኔ ብቻ ነው?»

«ብቻህን ነህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ነገም ትበላዋለህ» ብለው ባልዲያቸውን አንሥተው ወደ ታች ወረዱ።

ምስር በድንች ነበር። ቆሜ ጀምሬው ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ነገም የሚበላ አልተረፈም።

ሰኞ ጎመን በካሮት መጣ። ማክሰኞ ባቄላ። ረቡዕ እንደገና ምስር። ሕንጻው አራት ፎቅ ነው፤ ባልዲው ከላይ እስከ ታች በር ሳይመርጥ ይዞራል። መጀመሪያ ሁሉም አመሰገነ። ሐሙስ ላይ ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«አንተ መስታወቱ፣ ከአንተ በላይ ነው አይደል የሚኖሩት? ሴትዮዋ የጦር ካምፕ መስሏቸዋል እንዴ? ማቀዝቀዣዬ ሾርባ በሾርባ ሆነ፤ እንቁላል የማስቀምጥበት አጣሁ!»

«እንቢ ይበሏቸዋ ጋሼ።»

«ማን? እኔ? ክንዳቸውን አይተኸዋል?»

መስታወቱ የሚሉኝ መስታወት ቤት ስለምሠራ ነው። ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ የተሰነጠቀ መስኮታቸውን እንድመለከትላቸው ጠየቁኝና ቅዳሜ ከሰዓት ወጣሁ። ክፍሉ ከእኔው ክፍል ጋር እኩል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የጋዝ ምድጃ አለ፤ የቀረውን ቦታ ድስት ይዞታል። ልጅ ገብቶ የሚታጠብበት ድስት። እየለካሁ ዓይኔ ወደ እሱ ሄደ መሰለኝ፣

«ይቺ ትንሿ ናት» አሉኝ። «ትልቁን አልሰጡኝም።»

እንዲህ ነው ታሪካቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርተዋል። ጠዋት ሁለት መቶ፣ ቀን ሁለት መቶ፣ ማታ ሁለት መቶ ልጅ። ባላቸው ገና ድሮ ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸውን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል አሳድገዋል። ከሁለት ወር በፊት ጡረታ ወጡ። በወጡ ማግስት ለራሳቸው ብቻ ምሳ ሊሠሩ ትንሽ ድስት ገዙ፤ ሠሩ፤ ቀመሱ፤ ደፉት። ጨው ነበር። በማግስቱም ደፉት፤ ውሃ ነበር። አራት ቀን እየሠሩ ደፍተው በአምስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ሄደው ይቺን ድስት ለመኑ።

«እጄ ትንሽ ነገር አያውቅም» አሉኝ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው እያዩት። «ጨው ስወረውር ለሁለት መቶ ነው የምወረውረው። ትንሽ ድስት ፊት ስቆም የልጅ እቃ እቃ ይመስለኝና ሁሉ ነገር ይጠፋብኛል።»

ይህን ለሾፌሩ አወራሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕንጻው ስማቸው «እትዬ ሁለት መቶ» ሆኖ ቀረ። ሰምተው አልተቆጡም። «ከሁለት መቶ ሃያ ይሻላል፤ ሁለት መቶ ሃያ ልጅ የገባበት ዓመት ነበር ያስቸገረኝ» አሉ።

በሳምንቱ መስኮቱን ልገጥም ስወጣ ልጃቸው መጥታለች። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት፤ አራት ሰዓት በአውቶቡስ የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እኔ ፍሬሙን እየጠራረግሁ ነው፣ እነሱ ከኋላዬ ናቸው።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድስት ነዋ። ድስት አታውቂም?»

«ይሄ ድስት አይደለም፣ በርሜል ነው። ብቻሽን እኮ ነው የምትኖሪው።»

«የምን ብቻዬን? ይሄ ሁሉ ሰው እያለ?»

«ስማቸውን ታውቂያለሽ?»

«ስም ምን ያደርግልኛል? ስንት እንደሆኑ አውቃለሁ።»

 ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ልጅቷ ቀጥላ ስትናገር ድምጿ ዝቅ ብሏል። የታመመው ወገባቸው እንዳልዳነ፣ ያን ድስት ሊያነሡ ጎንበስ ባሉበት አንድ ቀን እንደሚቀሩ፣ እሳት እንደሚነሣ፣ እሷ ደግሞ አራት ሰዓት ርቃ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስታይ እንደምታድር ተናገረች። ከእሷ ጋር ሄደው ይኑሩ፤ ክፍል ተዘጋጅቷል።

«እዚያ ወጥ የሚሠራው ማን ነው?» አሉ እናትየው።

«ባሌ ይሠራል። እኔም እሠራለሁ። አንቺ ታርፊያለሽ።»

«እሱን ነው የማልፈልገው። እግሬ ይረፍ፣ እጄ ካረፈ ግን አለቀልኝ። እዚሁ ነው የምኖረው።»

«እሺ እንግዲህ፣ እንደዚህ እናድርግ» አለች ልጅቷ። «የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ለምሳ እመጣለሁ። ለሁለት ሰው ሥሪ። ለአንቺና ለእኔ። ባልዲ የለም፣ በርሜል የለም። እንደ ሰው ለሁለት ሰው ሠርተሽ ከጠበቅሽኝ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም፤ ኑሪ። ካልቻልሽ ግን ሻንጣ ይዤ ነው የምመጣው፣ አብረን እንሄዳለን።»

«ነይና ታያለሽ» አሉ እትዬ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰምተሃል አይደል?»

«ኧረ እኔ ሚስማር ስመታ ነበር።»

«ውሸታም። የመጨረሻውን ሚስማር ከመታህ ግማሽ ሰዓት አለፈህ።»

ሥራ ቦታዬ ትልቅ ጠረጴዛ አለ፤ ላዩ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ተነጥፏል። መስታወቱ እዚያ ይጋደማል፤ ማስመሪያ ይያዛል፣ መቁረጫው ጫፉን ነጭ ጋዝ ይነከራል፣ አንዴ ብቻ ይሰመራል። ከዚያ ከሥሩ መታ ሲያደርጉት በራሱ ለሁለት ይለያል። ለመስኮት ከሆነ ከልኩ ላይ ሦስት ሚሊ ይቀነሳል፤ አለዚያ ፍሬሙ አያስገባውም። አለቃዬ ስለ እኔ ለደንበኛ ሲናገር «እጁ ጥሩ ነው፣ ልቡ ግን ውጭ ውጭውን ነው» ይላል። ልቤ የትም ይሁን፣ ቁጥር ግን አምናለሁ። ልክ ያለው ነገር ሁሉ የሚካፈል ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ወጣሁ።

«ይንገሩኝ። ምስር በድንች፣ ለሁለት መቶ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው አስጻፉኝ። «ምስር ሃያ ኪሎ። ሽንኩርት አሥራ አምስት። ድንች ሠላሳ። ዘይት ስድስት ሊትር። ጨው አራት እፍኝ፣ በእኔ እፍኝ። ውሃ ሰማንያ ሊትር። እሳት ሁለት ሰዓት ተኩል።»

ሁሉንም ለመቶ አካፈልኩት። ምስሩ ሁለት መቶ ግራም፣ ውሃው አንድ ሊትር የማይሞላ ሆነ። ወረቀቱን አሳየኋቸው።

«እሳቱንስ?»

«እሳቱ ለመቶ ሲካፈል…» አሰብኩ። «አንድ ደቂቃ ተኩል።»

«ልጄን ጥሬ ልታበላት ነው?»

«እንግዲያው እሳቱን አንነካውም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሁን።»

ሁለታችንም ረካን። እሳቸው የሚያውቁት ሰዓት ስላልተነካባቸው፣ እኔ ሒሳቤ ስላማረልኝ። የገዟትን ትንሿን ድስት ጥደን፣ ክዳኗን ገጥመን፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ አረፍ ብለው አሸለቡ፤ ትልቅ ድስት ክዳኑ ቶሎ ቶሎ አይከፈትም፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ነው የሠሩት። እኔ ወርጄ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ሐሳብ ይዞኝ ሄደ፤ ልጅቷ መጥታ ስትቀምስ፣ እትዬ ሲስቁ፣ እኔ ወረቀቴን ሳሳይ። የጭሱ ሽታ ወደ እኔ ክፍል በመስኮት እስኪገባ ድረስ ሐሳቤ መንገድ ላይ ነበር።

ሮጬ ስወጣ ሾፌሩ ቀድመውኛል። ከአውቶቡሳቸው ጡረታ ሲወጡ ያስቀሩትን ቀዩን የእሳት ማጥፊያ ታቅፈው በአንድ ትንፋሽ አራት ፎቅ ወጥተዋል። ምድጃው ላይ ያለችው ድስት ውስጧ ጥቁር ድንጋይ ሆኗል፤ እሳት የሚባል ግን የለም። ሾፌሩ ይህን ለማየት አልቆሙም። ፒኑን ነቀሉትና ለቀቁት። ድስቱም፣ አልጋውም፣ እትዬም፣ እኔም ነጭ ዱቄት ሆንን።

ዱቄቱ ሲረጋ ሾፌሩ ፊታቸው በርቷል። «ሠላሳ ዓመት ከጀርባዬ ይዤው ዞሬያለሁ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ሳልነካው ልሞት ነበር!»

እትዬ ከቅንድባቸው ላይ ዱቄት እየጠረጉ ወደ እኔ አዩ። «ሒሳብህ ውሃውን አሳነሰው እንጂ እሳቱን አላሳነሰውም።»

አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ።

ደረጃ የምትጠርገው ሴትዮ ያኑ ቀን ለልጅቷ ደወለች። ክፋት የላትም፤ «ጭስ ካየሽ ንገሪኝ» ተብላ አደራ ተሰጥቷት ነው። ማታ ልጅቷ ለእናቷ ስልክ ደውላ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ሻንጣውን ገዝቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ቀደድኩት። ከላይ ወደ ታች በጥቂት በጥቂቱ እንድንወርድ ሐሳቡን ያመጡት ሾፌሩ ናቸው። «መኪና ከአምስተኛ ወደ አንደኛ በአንድ ጊዜ አይገባም» አሉ። «አራተኛ፣ ሦስተኛ እያልሽ ነው የምታበርጂው እንጂ።» እትዬ በትልቁ ድስት ለአርባ ሠሩ፣ ልክ መጣ። ለሠላሳ ሠሩ፣ ልክ። ሃያ፣ ልክ። አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ከቤቷ መካከለኛ ድስት አዋሰችና ለአሥራ አምስት ሠሩ፤ እንደውም ከሃያው በለጠ። አሥራ ሁለት ላይ ሦስት ቀን ቆዩ፤ ሦስቱም ቀን ሰሃኑን በዳቦ ጠረግነው። አሥር ላይ ጨው ሆነ። እንደገና አሥር፣ ውሃ ሆነ። ዘጠኝ ሞከሩና ራሳቸው በጭልፋ ቀምሰው ጭልፋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«በቃ። እጄ ከአሥራ ሁለት በታች አይወርድም።»

አሥራ ሁለት ሰው ደግሞ ባለፉት ቀናት ሳናውቀው ተገኝቷል። ነርሷ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር አራት። ሦስት የጋራዥ ሠራተኞች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባንድ ክፍል ይኖራሉ፤ ሰባት። ሾፌሩ፣ ደረጃ የምትጠርገው፣ እኔ፤ አሥር። እትዬ ራሳቸው አሥራ አንድ። አሥራ ሁለተኛው ድርሻ ለልጅቷ ነው ይሉ ነበር፤ እስክትመጣ ድረስ ግን እኔ እበላዋለሁ።

ድስቱ ለወገባቸው ስለሚከብድ ባልዲው ቀረ፤ ሰው ነው ሰሃኑን ይዞ የሚወጣው። ክፍሉ ሁሉን አይይዝምና ሰልፉ ደረጃው ላይ ነው። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ ከነርሷ ጋር የተነጋገርነው «ውሃ አለ?» «የለም» ብቻ ነበር። አሁን ታናሹ ልጇ ሲተኛ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ሾፌሩ የጋራዥ ልጆቹን በሞተር ሳይክላቸው ጩኸት የተነሣ ሁለቴ ከሰዋቸዋል፤ አንድ ቀን ሰሃን ይዘው ከፊታቸው ሲቆሙ ስለ ፍሬን ተነሣና ሦስት ሰዓት ክርክር ሆነ፤ ሾርባው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። እትዬ ሁሉን ከላይ ያዳምጣሉ። በሳምንቱ ማን ምን እንደማይስማማው ለቅመው ጨርሰዋል። የሾፌሩን ሰሃን በርበሬ ሳይነካው ቀድመው ይቀዱታል፤ ሆዳቸው ታሟል። የነርሷ ባል ካሮት አይወድም፤ ይለቀምለታል። ከጋራዥ ልጆቹ ረጅሙ ጥርሱን ስለሚያመው ድንቹ ይፈጭለታል።

አንድ ችግር ቀረ። ልጅቷ ያለችው ለሁለት ሰው ነው።

«ቀላል ነው» አሉ ሾፌሩ። «በፈረቃ እናወጣዋለን። ልጅቷ የምትመጣው ሰባት ሰዓት ነው አይደል? አምስት ተኩል ላይ አሥራችን ድርሻችንን ይዘን እንወርዳለን። ድስቱ ውስጥ የሁለት ሰው ብቻ ይቀራል። መካከለኛው ድስት ይደበቃል፣ የቀረው ወደዚያች ተፍቃ ወደጸዳችው ትንሿ ይገለበጣል። ማን ያውቃል?»

 «ማታለል ነው» አሉ እትዬ።

«ማታለል ያልሽው የቱን ነው? አልሠራሽውም? የአንቺ እጅ አይደለም?»

ነርሷ ሳቀች። እትዬም ጨርሰው አልተስማሙም፤ እንቢም አላሉም።

ቅዳሜ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበርኩ፤ ድንች ልጫለሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሾርባው ወጣ። ሽታው ደረጃውን ሞልቶት ነበር። መጀመሪያ የጋራዥ ልጆቹ ቀድተው ወረዱ። ሾፌሩ፣ ነርሷና እኔ ተራ ይዘን ክፍሉ ውስጥ ቆመናል። ድስቱ ግማሽ ደርሷል።

ከታች የረጅሙ የጋራዥ ልጅ ድምፅ ተሰማ። ደረጃው ላይ ካገኛት ሰው ጋር እያወራ ነው።

«እህቴ፣ ሻንጣውን ላግዝሽ? ወደ እትዬ ሁለት መቶ ነው? ቶሎ ውጪ እንግዲህ፣ ሊያልቅ ነው። ለልጃቸው የሁለት ሰው ሊያስቀሩ ነው፣ ልጅቷ በርሜል ካየች ትወስዳቸዋለች።»

ነርሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሾፌሩ «ያንን ልጅ በጥርሱ ነው የማንጠለጥለው» ብለው አጉተመተሙ። ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። በሩ ክፍት ነው። ልጅቷ ከቀደመው አውቶቡስ ወርዳ መጥታለች፤ ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ እየጎተተች ገባች። ባዶ እንደሆነ ከድምፁ ያስታውቃል።

 ሻንጣውን በሩ ሥር አቆመችው፤ ድስቱን አየች፣ እኛን አየች፣ ሰሃኖቻችንን አየች። እትዬ ጭልፋውን በአየር ላይ ይዘውታል፤ የሾርባ ጠብታ ምድጃው ላይ ወደቀ።

«ቀጥሉ» አለች ልጅቷ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሰሃን አንሥታ ከእኔ ኋላ ቆመች። ተራ ያዘች።

«ነይ አንቺ ቅደሚ» አሉ እናትየው።

«ተራዬን እጠብቃለሁ። ለምጄዋለሁ።»

እትዬ የሾፌሩን ቀዱ።  እየቀዱም መናገር ጀመሩ። «የእሳቸው ያለ በርበሬ ነው፤ ሆዳቸው። የእሷ ባል ካሮት አይወድም፣ ይኸው ለቅሜለታለሁ። ልጆቿ አንዱ ወፍራሙን አንዱ ቀጭኑን ነው የሚወደው። ቅድም ያገኘሽው ልጅ ጥርሱን ያመዋል። መስታወቱ ደግሞ የሰጡትን ሁሉ ይበላል፤ ምን እንደበላ ግን ብትጠይቂው አያውቅም።»

ሾፌሩ ሊስቁ ብለው ተዉት።

«እኔስ እማዬ?» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ምን?»

«እኔ ምንድን ነው የምወደው?»

እትዬ ፈገግ አሉ፤ የሚያውቁት ጥያቄ ስለሆነ። «አንቺማ ከድስቱ ሥር የሚፋቀውን ነው። ሁለት መቶው ልጅ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ማንኪያ ይዘሽ ትመጪ ነበር። ጥግ ጥጉን እፍቅልሻለሁ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ…»

«አልወደውም ነበር» አለች ልጅቷ። በቁጣ አልነበረም፤ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምትነግር ነው የተናገረችው። «የሚተርፈው እሱ ስለነበረ ነው።»

ነርሷ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። እኔ ሰሃኔን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እትዬ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ነከሩት፣ አወጡት፣ የነርሷን ቀዱ፣ የእኔን ቀዱ። ቀጥሎ የልጃቸው ተራ ነበር። ከመሐል፣ ከወፍራሙ ቀዱላት። ልጅቷ ቆማ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁሉንም በላችው፤ እኛ ቆመን ጠበቅናት። ዳቦ ቆርሳ ሰሃኑን ስትጠርግ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን መሰለችኝ።

«ጨዉ ልክ ነው» አለች።

«ለአሥራ ሁለት ነው» አሉ እትዬ። «ለሁለት አቃተኝ እቴ። ሦስት ሳምንት ሞከርኩ። አታለልኩሽ አትበዪኝ፤ ላታልልሽ ነበር፣ ቀድመሽ መጣሽ።»

«አውቃለሁ።»

ልጅቷ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። ሾፌሩን፣ ነርሷን፣ እኔን በየተራ አየችን።

«አንድ ቀን ሰሃን ይዛችሁ ስትመጡ በሩ ባይከፈት ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«እንሰብረዋለን እንጂ!» አሉ ሾፌሩ። «ሰባት ሰዓት ካለፈ እሰብረዋለሁ። ማጥፊያዬንም አስሞልቼዋለሁ።»

«እኔ እታች ነኝ» አልኩ። «ኮቴያቸውን እሰማለሁ።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። 

«እሺ። ቅሪ እማዬ። እኔ ቤት ቀኑን ሙሉ ብቻሽን ነው የምትሆኚው፤ እዚህ ብትወድቂ ቀድሞ የሚያውቅ አለ። ጭቅጭቁን ትቼዋለሁ፤ ከልቤ ነው።»

«ይኸው!» ብለው ሾፌሩ ጠረጴዛውን መቱ። «ተገላገልን! አንተ መስታወቱ፣ ሂድ እነዚያን ልጆች ጥራቸው፣ እዚሁ ይብሉ!» ነርሷ ልጅቷን አቀፈቻት። ልጅቷም ሳቀች፤ እስካሁን ጥርሷን አላየሁትም ነበር። ወደ በሩ ወጥቼ ወደ ደረጃው ተጣራሁ፤ የጋራዥ ልጆቹ ሰሃናቸውን እንደያዙ ተመልሰው ወጡ፤ ረጅሙ መሬት መሬቱን እያየ። ክፍሉ ሞላ። ሁሉም ባንድ ላይ ያወራል።

እትዬ ጭልፋውን ለነርሷ ሰጧት። «ልጆችሽ ገና አልደረሳቸውም» አሏት። ሽርጣቸውን ፈትተው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት፤ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፣ በፎጣ አደረቁ። ሁለት ቀሚስ ከግድግዳው አወረዱ። ነጠላ ጫማቸውንና የመድኃኒት ከረጢታቸውን ከአልጋው ሥር አወጡ። ሻንጣውን ከፍተው ከተቱት፤ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው፤ ዚፑን ዘጉት።

ነርሷ ጭልፋውን እንደያዘች ዞረች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ልጅቷ። «ቅሪ ብዬሻለሁ እኮ።»

እትዬ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ልጃቸውን አዩዋትና «ከእንግዲህ የተረፈውን አትበይም» አሏት፤ ወደ ድስቱም ወደ እኛም አልተመለከቱም። ሻንጣውን በራሳቸው እጅ አንሥተው ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ለመሄድ ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።